በጥር ገዝቶ በሐምሌ መስጠት፦ ቤተሰብ ሳይጎዳ እጁን የሚዘረጋበት የገበያ ዘዴ

ጎጃም ውስጥ እህል የሚረክስበትና ደሃ የሚራብበት ወቅት አይገጥምም። ታኅሣሥና ጥር ላይ አውድማው ይነሣል። ገበሬው ዕዳም፣ ግብርም፣ የልጅ ሠርግም ስላለበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ደግሞ ጎተራው ይራቆታል፤ እሸት እስኪደርስ ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የነጋዴ እህል ነው፣ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ቤተሰብ ምጽዋትን የሚያስበው በዓል ሲቃረብ ወይም ችግረኛ ደጁ ላይ ሲቆም ነው። ያኔ በውድ ስለሚገዛ ልቡ የፈቀደውን ያህል አይሰጥም። ያው ብር ጥር ላይ ቢወጣ ብዙ ተጨማሪ አፍ ያጠግባል።

ስንት ይበቃል?

በእርዳታ እደላ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር የሚታሰበው እህል 15 ኪሎ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ኩንታል በቆሎ አራት ነፍስ ያለበትን ቤት ወር ከሃያ ቀን ያደርሳል፤ ሐምሌ 5 ቢጀመር እስከ ነሐሴ 25 ድረስ ማለት ነው። ሽሮና ጨው ካልታከለበት ግን ደረቅ እህል ብቻውን ቤት አያቆምም። ለእያንዳንዱ ኩንታል ቢያንስ 10 ኪሎ ሽሮና 2 ኪሎ ጨው አስቡ።

ለክረምት ስጦታ ጤፍ መግዛት አይመከርም፤ በአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የሚገኘው በቆሎ ወይም ዳጉሳ ብዙ ቤት ይደርሳል። ዳጉሳ ደግሞ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። በቆሎ በቡሬ፣ በወምበርማና በፍኖተ ሰላም አካባቢ፣ ጤፍ በቢቸና፣ በደጀንና በሉማሜ፣ ገብስና ድንች ደግሞ ከጮቄ ግርጌ ባሉት እንደ ረቡዕ ገበያ ባሉ ቦታዎችና በእንጅባራ በኩል በብዛት ይወጣሉ። ምንጩ ድረስ መሄድ የሚያዋጣው ግን ሲሰላ ነው። ለምሳሌ የሁለቱ ገበያ ልዩነት በኩንታል 300 ብር ቢሆንና መኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የደላላው ተደምሮ በኩንታል 220 ብር ቢወስድ የሚተርፈው 80 ብር ነው። ለሁለት ኩንታል ብሎ ቀኑን ማባከን ከንቱ ነው፤ ለሃያ ኩንታል ግን 1,600 ብር ስለሚተርፍ ያዋጣል። ስለዚህ በማኅበር ወይም በሰንበቴ የሚተዋወቁ አራት አምስት ቤተሰቦች አንድ ላይ ቢገዙ ይሻላል። አንዱ ይገዛል፣ አንዱ አብሮት ሄዶ ዋጋና ሚዛን ይጽፋል። ዕቁብ ያላቸው ደግሞ ከእጣ ወጪው ጋር ተራ ተለዋውጠው ብሩ ጥር ላይ እጃቸው እንዲገባ ቢያደርጉ ገንዘቡ በሰዓቱ ይደርሳል።

ርካሽ የመሰለው እርጥብ በቆሎ

በቆሎ ኅዳር ላይ ረክሶ ይገኛል፤ ብዙዎችም የሚሞኙት ያኔ ነው። ገና ያልደረቀ በቆሎ ሲገዛ ውኃም አብሮ ይገዛል። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል ለማስቀመጥ ወደሚያስችለው 13 በመቶ ሲደርቅ ወደ 94 ኪሎ ይወርዳል። ስድስቱ ኪሎ በነፋስ ሄደ ማለት ነው። ሳይደርቅ ከታሸገ ደግሞ ይሻግታል።

እርጥበትን ያለ መሣሪያ ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጥርስ ነው፤ የደረቀ ፍሬ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ያልደረቀው ይለጠጣል ወይም የጥርስ ምልክት ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው የበለጠ የሚታመን ነው። ሙልጭ ብሎ የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ወስዳችሁ ሲሶው እስኪሞላ በቆሎ ጨምሩበት። ምጣድ ላይ ታምሶ የደረቀና የቀዘቀዘ ጨው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አክሉ። ክዳኑን ገጥማችሁ ለአንድ ደቂቃ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ በሸራ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይምታው። ጨው ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ማሳየት አይጎዳም። ሙከራው የሚበላሸው ጨዉ ራሱ እርጥብ ሲሆን ነው፤ እሱን ማመሱን አትዝለሉ።

የሻገተ በቆሎ በርካሽ ሲገኝ «ታጥቦና ተቆልቶ ለነዳያን ይሆናል» የሚል ሰው አለ። አይሆንም። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመታጠብም በእሳትም አይጠፋም፤ ጉበት ያጠቃል። ላም ብትበላው እንኳ በወተቷ ይወጣል። ራሳችን የማንበላውን ለችግረኛ ማቅረብ በምንም ዋጋ ቢገኝ ስጦታ አይባልም።

ሚዛን ላይ ደግሞ ቁናና ጣሳ ከገበያ ገበያ ይለያያሉ፣ ዋጋ ማወዳደር የሚቻለው በኪሎ ብቻ ነው። ባዶውን ጆንያ ለብቻው መዝኑ፤ የቃጫ ከሆነ ወደ አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ጥሩው እህል አፉ ላይ ስለሚደረግ እጃችሁን እስከ ክንዳችሁ አስገብታችሁ ከመሐሉና ከሥሩ ዝገኑ። ጤፍ ከሆነ አንድ እፍኝ በውኃ ውስጥ አሽታችሁ ቀስ እያላችሁ ገልብጡ፤ አሸዋ ካለ ሥሩ ላይ ይቀራል።

ቅናሽ የሚፈለግበትን ቦታም መለየት ያስፈልጋል። ከጅምላ ነጋዴ ጋር እስኪበቃችሁ ተከራከሩ። ነገር ግን አሥር እንቁላል ወይም አንድ ቁና ባቄላ ይዛ ከገጠር በእግሯ ከመጣች እናት ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ መጨቃጨቅ ከአንዱ ደሃ ነጥቆ ለሌላው መስጠት ነው። ትርፋችሁ ከወቅቱ፣ ከብዛቱና ካለመበላሸቱ ይምጣ።

እስከ ሐምሌ ማቆየት

ለበቆሎ፣ ለስንዴ፣ ለባቄላና ለሽምብራ ከሁሉ የሚሻለው ሦስት ድርብ ያለው ከረጢት ነው፤ በተለምዶ ፒክስ ይባላል። ውስጡ ሁለት የላስቲክ፣ ውጩ አንድ ማዳበሪያ ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ራሱ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ከመሙላታችሁ በፊት እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ነፍታችሁ ጨመቅ አድርጉ፤ ቀዳዳ ካለ ፉጨቱ ይሰማል። እህሉን ስትሞሉ ጎንና ጎኑን እየመታችሁ አጠጋጉት። ከዚያ መጀመሪያ የውስጠኛውን አፍ አየሩን አስወጥታችሁ ጠምዝዙት፣ እጠፉት፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለተኛውን ለብቻው፣ ማዳበሪያውንም ለብቻው እሰሩ። ሦስቱን አንድ ላይ ማሰር የዚህ ከረጢት ዋናው ስሕተት ነው፣ አየር ያስገባል። ከግድግዳ ትንሽ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡ፤ ቢያንስ ሁለት ወር አትክፈቱት። አይጥ ከበሳችው ጥቅሙ አበቃ፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል።

የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት አይገባም። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕፃናትን ቀድሞ ይጎዳል።

ለአብነት ተማሪዎች በሶ

እንደ ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ጎንጅ ያሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ ይሰበስባሉ። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከየቤቱ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ቁራሹም ጥቂት ይሆናል። እሳት የማይጠይቅ፣ በውኃና በጨው ብቻ የሚበላ ስለሆነ በሶ የሚተካከለው የለም። ለአንድ ተማሪ በቀን 200 ግራም ብናስብ ለወር 6 ኪሎ ነው። ገብስ ሲፈተግና ሲቆላ እስከ ሩቡ ሊጎድል ስለሚችል 50 ኪሎ ገብስ ለስድስት ተማሪ ግዙ።

ገብሱ ተለቅሞ በጥቂቱ ውኃ ይረሰርስና ይፈተጋል፤ ገለባው ተነፍቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በመጠነኛ እሳት፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተማሰለ ወርቃማ እስኪሆን ይቆላል። ምጣዱን ማጨናነቅ ግማሹን ጥሬ፣ ግማሹን ከሰል ያደርገዋል፤ ያረረው በሶውን መራራ ያደርገዋል። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይፈጭ፣ ተፈጭቶም ትኩስነቱ ሳይወጣ አይታሸግ፤ ያልበዋል፣ ይጓጉላል። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት በርበሬ መፈጨቱን ጠይቁ። ከተፈጨ ቀድሞ ሌላ እህል ይለፍበት፤ በርበሬ የነካው በሶ ጉሮሮ ይፈጃል። ከሁሉ በፊት ግን የኔታን ጠይቁ። ምናልባት በዚያ ሰሞን የጎደላቸው በሶ ሳይሆን ሳሙና ወይም ጋቢ ሊሆን ይችላል።

ሌላውን በአጭሩ። ቅቤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት መሐል ይረክሳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይሰቀላል። በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ ማንጠር ለአራስ ቤት ጥሩ ስንቅ ነው። ሙዝ ወይም ድንች የተቀላቀለበት ቅቤ ስላለ አንድ ማንኪያ አቅልጣችሁ እዩ፤ ንጹሁ ጠርቶ ይወርዳል፣ የተቀላቀለበት ሊጥ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። በርበሬ ከኅዳር እስከ ጥር በዛላው ይገዛ፤ ስታነቃንቁት ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ ውኃ ተርከፍክፎበታል ወይም አልደረቀም። ደብተር መስከረም ሳይጠባ በደርዘን ውሰዱ፣ ከርጥበትም አርቁ።

ስትሰጡ ሰው ሰብስባችሁ ደጅ ላይ አታሰልፉ። በቆሎውን አስፈጭታችሁ፣ የወፍጮውንም ከፍላችሁ፣ አመሻሽ ላይ ቤቱ ድረስ አድርሱ፤ ብዙ ችግረኛ እህል ቢያገኝ የማስፈጫ ብር የለውም። ዱቄት ግን በክረምት ቶሎ ስለሚበላሽ የሁለት ሳምንቱን ብቻ አስፈጩ፤ ቀሪው በከረጢቱ ይቆይ፣ በከፈታችሁት ቁጥርም ሦስቱን አፍ እንደገና ለየብቻ እሰሩ። መስከረም ሲጠባ የተረፈ ከረጢት ካለ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድሩት። ዋጋው ሳይወርድ ሸጣችሁ ብሩን ለጥር ግዢ ያዙት፤ ከረጢቱንም ቀዳዳ እንደሌለው ፈትሻችሁ አጥፋችሁ አስቀምጡ።