ቤግልን የሚያበላሹ ስህተቶች

ብዙ ሰው ቤግልን፣ መሃሉ ቀዳዳ ያለውን ክብ ዳቦ፣ አንዴ ይቀምስና «ድርቅ ያለ ዳቦ ነው» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግዢው፣ አጋገሩ ወይም አበላሉ ላይ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

ሳይቀቅሉ መጋገር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቤግል ኦቨን ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ በእያንዳንዱ ጎን ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ። ያኔ የላይኛው ስታርች ይበስልና ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ሊጡ ኦቨን ውስጥ እንዳሻው እንዳይነፋ ይይዘዋል። ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ጥርስ የሚይዘው፣ ላዩም የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው። ውሃው ውስጥ አንድ ማንኪያ የብቅል ሽሮፕ ወይም ማር ጣል ብታደርጉ ቀለሙ ያምራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የምትሰጉ ካላችሁ አትስጉ። የስንዴ ስታርች መብሰል የሚጀምረው ከ70 ዲግሪ በታች ነው።

ሱፐርማርኬት ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ለምን እንደዚያ ለሰለሰ? ኒውዮርክ ውስጥ ቤግል ለረጅም ጊዜ በእጅ የሚጠቀለል ከባድ ሙያ ነበር። ሎካል 338 የሚባለው የጋጋሪዎች ማኅበር 300 ያህል አባላት ነበሩት፤ ሙያውን የሚወርሱትም በአብዛኛው የአባላቱ ልጆችና ዘመዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቤግል የሚጠቀልለው የዳንኤል ቶምፕሰን ማሽን መጣ። ማሽን ለስለስ ያለ ሊጥ ይፈልጋል። ብዙ ፋብሪካዎችም መቀቀሉን ትተው በእንፋሎት መጋገር ጀመሩ። ስለዚህ የፋብሪካውን ብቻ ቀምሳችሁ «ቤግል አልወድም» አትበሉ። በእጅ ከሚሠራበት ቤት አንድ ሞክሩ።

ሊጡን ማጣደፍ

ለ500 ግራም ጠንካራ የዳቦ ዱቄት 280 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ሊጡ ጠጠር ይላል፣ ክንድ ያደክማል። ቢሆንም ውሃ አትጨምሩ። ቅርጹን ካወጣችሁ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ጣዕሙ የሚመጣው ሌሊቱን ቀስ እያለ ሲቦካ ነው። ጠዋት አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ከሰመጠ ውጭ ጥቂት ይቆይ። ሰሊጡን ቤግሉ ከተቀቀለ በኋላ እርጥብ እንዳለ አልብሱት፣ ከደረቀ አይዝም። ከዚያ በ220 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ይጋገር።

«ያለ ኒውዮርክ ውሃ አይሆንም» የሚባለውን እርሱት። ልዩነቱን የሚያመጡት ማሳደሩና መቀቀሉ ናቸው።

አንዱን ከተማ በሌላው መለካት

የቤግል አገሩ ፖላንድ ነው። በክራኮው የአይሁድ ማኅበረሰብ ደንብ ውስጥ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1610 ተጽፎ ይገኛል። በኋላ ስደተኞች ይዘውት ወጡ፤ የደረሰበት ከተማ ሁሉ የራሱ አደረገው።

የኒውዮርኩን የለመደ ሰው የሞንትሪያሉን ሲያይ «ይሄ ደግሞ ምን ያህል ያንሳል!» ይላል። ድፎ ዳቦን «አምባሻ አልሆንክም» ብሎ እንደ መውቀስ ነው። የሞንትሪያል ቤግል ቀጠን ይላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጣፈጥ ይላል። ማር በገባበት ውሃ ይቀቀልና በእንጨት እሳት ይጋገራል። ፌርማውንትና ሴንት ቪያተር የተባሉት ሁለት ቤቶች ዘንድ ከሄዳችሁ ባለ ሰሊጡን ትኩሱን በወረቀት ከረጢት ተቀበሉና መንገድ ላይ እየቆረሳችሁ ብሉ። ምንም መቀባት አያስፈልገውም። የሞንትሪያሉ ልጅ ጠፈርተኛ ግሬግ ቻሚቶፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የከተማውን ባለ ሰሊጥ ቤግል ይዞ ነው የወጣው።

ለንደን ብሪክ ሌን የሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ መጀመሪያ መቅመስ ያለባችሁ ባለ ሥጋውን ነው። በጨው የሰነበተ የበሬ ሥጋ ትኩሱን ወፈር ወፈር ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከሰናፍጭና ከኮመጠጠ ኪያር ጋር ይቀርባል። ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ የእኛ ሰው የሚወደው ዓይነት ነው።

ቀዳዳ ያለውን ሁሉ ቤግል ማለት

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎች በደማስቆ በር በኩል ሲያልፉ በጋሪ ላይ የተደረደረ፣ ረዘም ያለ ሞላላ፣ ሰሊጥ የለበሰ ዳቦ ያያሉ። ፍልስጤማውያን ከዓክ ይሉታል። አይቀቀልም፣ ለስላሳ ነው። በቢላ ሰንጥቆ ክሪም ቺዝ መቀባት እሱን ማበላሸት ነው። በእጅ እየተቆረሰ ዛዕታር የሚባለውን የቅመም ድብልቅ እየነኩ ነው የሚበላው። የኢስታንቡሉ ሲሚትም ሌላ ነው፤ በወይን ሽሮፕ ተነክሮ ሰሊጥ ይለብሳል፣ ላዩ ኩርሽም ይላል።

ትኩሱን ቶስት ማድረግ

ገና የወጣ ቤግል ቶስተር አያስፈልገውም። ቶስት ላደረ ነው።

ሳያውቁ ማዘዝ

ኒውዮርክ ውስጥ ሎክስ እና ኖቫ አንድ አይደሉም። እውነተኛው ሎክስ በጨው ብቻ የታሸ፣ ያልታጨሰ ሳልመን ነው፤ ጨውነቱ ያስደነግጣል። ለጀማሪ ኖቫ ይሻላል፣ ጨው ቀለል ይልና በጭስ ይጠናቀቃል። ከክሪም ቺዝ፣ በስሱ ከተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ኬፐር ከሚባለው የኮመጠጠ እንቡጥ ጋር ሲሆን ግሩም ነው። ዘቢብና ቀረፋ ባለው ቤግል ላይ ግን ዓሣ አታስጭኑ። ነፍሰ ጡሮች ያልበሰለውን የታጨሰ ዓሣ ቢተዉት ይመከራል።

በጾም ወቅት ተራው፣ ባለ ሰሊጡና ባለ ሽንኩርቱ የኒውዮርክ ቤግል አብዛኛውን ጊዜ ወተትም እንቁላልም የለበትም። «ኤግ ቤግል» የሚባለውና የሞንትሪያሉ ግን እንቁላል ይገባባቸዋል፤ በከዓክ ሊጥ ውስጥም የወተት ዱቄት የሚጨምሩ አሉ። ጠይቁ። ብዙ የኒውዮርክ ቤቶች ከቶፉ (ከአኩሪ አተር) የተሠራ የጾም ክሪም አላቸው።

ፖፒ ሲድን መናቅ

ይሄኛውን አደራ፣ አስተውሉት። ቤግል ላይ የምታዩት ደቃቅ ጥቁር ፍሬ ጥቁር አዝሙድ አይደለም። ፖፒ ሲድ ነው፤ ኦፒየም የሚወጣበት ተክል ዘር። ኤቭሪቲንግ ቤግል ላይም ከሰሊጡ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጨው ጋር ተደባልቆ አለ። መብላቱ አያሰክርም፣ ግን በሽንት ምርመራ ላይ ሞርፊን ሆኖ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ወታደሮቹ ፖፒ ሲድ እንዳይበሉ ያሳሰበው ለዚሁ ነው። ትራክ የምትነዱና ምርመራ ያለባቸው ሥራዎች ላይ ያላችሁ ባለ ሰሊጡን ምረጡ።

የባሰው ደግሞ ጉዞ ነው። በዩናይትድ አረብ ኤምሬትስ ፖፒ ሲድ፣ ዳቦ ላይ ያለውም ጭምር፣ የተከለከለ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን በዱባይ በኩል ወደ አገር ቤት የምትገቡ፣ ለቤተሰብ ብላችሁ ኤቭሪቲንግ ቤግል ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። በእጅ ቦርሳችሁ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ካለም አራግፉት።

ፍሪጅ ውስጥ ማኖር

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ቤግልም እንደዚያው። በዚያው ቀን የማይበላውን ሰንጥቃችሁ ፍሪዘር አስገቡ፤ ሲፈለግ በቀጥታ ወደ ቶስተር ይሄዳል። ሰንጥቆ መግዛቱ ግን አያዋጣም። ኒውዮርክ ውስጥ ሱቁ ሰንጥቆ ከሰጣችሁ ታክስ ይጨመርበታል፤ ሙሉውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ታክስ የለበትም። ደርዘኑን ሳይቆረጥ ግዙና ቤት ቁረጡት።