መሄጃውን ሳይሆን መመለሻውን እዩ፦ እስያ ስትማሩ ለአጭር ጉዞ ስትወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ስኮላርሺፕ ያገኙ የባሕር ዳር ልጆች ይደውላሉ። «ጋሼ፣ ጓንግዙ ብርድ አለው?» «ጋሼ፣ በርበሬ ስንት ኪሎ ልያዝ?» እኔም ቻይና ተምሬ ስለመጣሁ ጣና ዳር ቁጭ ብለን እናወራለን። ደስ ይለኛል። የሚያስጨንቀኝ ያልጠየቁኝ ነገር ነው። ገና ሻንጣቸውን ሳያራግፉ፣ በመጀመሪያው የበዓል ዕረፍት፣ ጎረቤት ከተማ ደርሰው ለመመለስ ይነሳሉ። ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር፣ ካትማንዱ። ያኔ ማንም አይደውልም። የሚደወለው መንገድ ላይ ከቀሩ በኋላ ነው።

መሄዳችሁን አልቃወምም። ሂዱ፣ እዩ፣ ወጣትነታችሁ ነው። ግን እነዚህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ መውጣት

ይሄ ከሁሉም ስለሚብስ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቻይና ከ180 ቀን በላይ ለሚማር ተማሪ የምትሰጠው ቪዛ ኤክስ 1 ይባላል። ፓስፖርታችሁን አሁኑኑ ክፈቱና እዩት። የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 01 ተጽፏል። የቆይታ ቀን የሚለው ቦታ ላይ 000 አለ። ብዙ ልጅ ሦስቱን ዜሮ ሲያይ «ገደብ የለብኝም ማለት ነው» ብሎ ይዝናናል። እንደዚያ አይደለም። የቆይታችሁ ቀን ገና አልተወሰነም። ገብታችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ፤ ቀኑ የሚወሰነው ያኔ ነው። ያ 01 ደግሞ ከቦሌ ተነስታችሁ ቻይና የገባችሁ ቀን ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቪዛ ዳግመኛ አይገባም።

የመኖሪያ ፈቃዱ ፓስፖርቱ ላይ ከተለጠፈ ችግር የለም። እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ ትወጣላችሁ፣ ትገባላችሁ። አደጋው ያለው በመሃል ባሉት ሳምንታት ነው። ትምህርት የሚጀመረው በሴፕቴምበር ነው። የቻይና ብሔራዊ በዓል ደግሞ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ሳምንት ያህል ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ገደማ ነው፤ መስቀል ካለፈ ገና ቀናት። ልጁ ደመራውን በስልክ አይቶ ሆዱ ባብቷል። ክፍል የለም። ጓደኞቹ ሁሉ ሻንጣ ይዘው ይወጣሉ። የአውሮፕላን ቲኬት በስልኩ ይመጣለታል። ፈቃዱን «ከበዓል በኋላ አስገባለሁ» ብሎ ትቶታል።

አንድ የከተማችን ልጅ እንዲሁ ወደ ሲንጋፖር ወጣ። ሲንጋፖር ለአጭር ጉብኝት ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ስለማትጠይቅ መሄዱ ቀላል ነበር። ከቻይና ሲወጣም ማንም አላስቆመው። ለምን ያስቆሙታል? የሚወጣን ሰው እንዴት እንደሚመለስ መጠየቅ የእነሱ ሥራ አይደለም። ችግሩ የመጣው ሲመለስ፣ እዚያው ሲንጋፖር ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ቪዛውን አየችው፤ ከጎኑ ያለውን የመግቢያ ማህተም አየች፤ አለቃዋን ጠራች። ቦርዲንግ ፓስ ሳይሰጡት ቀሩ።

አዲስ ቪዛ ለማመልከት ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ቢሮ ደግሞ በዚያው በዓል ዝግ ነው። ልጁ እንደ ሲንጋፖር ውድ በሆነ ከተማ በየቀኑ የአልጋ እየከፈለ ቢሮው እስኪከፈት ጠበቀ። እናቱ ደወሉልኝ። «እባክህ ልጄ፣ ልጄ ታሰረ እንዴ?» አሉኝ። አልታሰረም። ግን ባሕር ዳር ያለ ቤተሰብ ብር ቢኖረው እንኳ በአንድ ቀን ዶላር አድርጎ የሚልክበት መንገድ የለውም። በመጨረሻ ተመለሰ። ክረምት ለቤተሰብ ጥየቃ መምጫ ያጠራቀመው ገንዘብ ግን እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ፈቃዱ ሳይለጠፍ ከዋናው ቻይና ንቅንቅ አትበሉ። ፓስፖርታችሁ ለፈቃድ ገብቶ ከሆነ የሚሰጣችሁ ደረሰኝ ለአገር ውስጥ እንጂ ለድንበር አይሆንም። ለአጭር ትምህርት በኤክስ 2 የገባችሁም የመግቢያ ብዛቱን እዩ። ያ ሳምንት ለአገር ውስጥ ይሁን። ጉይሊን አለ፣ ሺያን አለ፤ ቻይና ሰፊ አገር ናት።

«ሆንግ ኮንግ ያው ቻይና ናት»

ከሆንግ ኮንግ አጠገብ ባለችው የቻይና ከተማ ሼንዘን የሚማር ልጅ ሆንግ ኮንግን እንደ ዘጌ ያያታል፤ ጠዋት በጀልባ ተሻግሮ ከሰዓት የሚመለስባት። እውነት ነው፣ ከፉቲያን ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ስትመለስ የራሷን ኢሚግሬሽንና የራሷን ገንዘብ ይዛ ነው። ማካውም በ1999 እንደዚሁ። የቻይና ቪዛችሁ እዚያ አያስገባም። እዚያ መሄድም ከዋናው ቻይና እንደ መውጣት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከላይ ስለ 01 ያልኩት እንዳለ ይሠራል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሆንግ ኮንግ ኢሚግሬሽን ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠይቅ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አንብቡ። ጓደኛ የነገራችሁን አትከተሉ።

ሆንግ ኮንግ ስትገቡ ፓስፖርት ላይ ማህተም አይመታም። ትንሽ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ስማችሁና እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ ታትሞበታል። ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ከደረሰኝ ጋር ይጣላል። ፓስፖርቱ ውስጥ አኑሩት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት።

በሼንዘንና በሆንግ ኮንግ መካከል ያሉትን የኬላዎች ሰዓትም እዩ። የሉዎሁ ኬላ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። የፉቲያኑ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከምሽቱ 4፡30 ላይ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ሁዋንጋንግ ነው።

በጓደኛ ፓስፖርት መመራት

የክፍላችሁ የኢንዶኔዥያ ልጅ ያለ ቪዛ ሆንግ ኮንግ ይገባል። እናንተ ኢንዶኔዥያዊ አይደላችሁም። ሕንድ የምትማሩ ደግሞ ይህን በደንብ ስሙ። ሕንዳውያን ጓደኞቻችሁ አውቶቡስ ተሳፍረው ያለ ቪዛ ኔፓል ይገባሉ፤ ሁለቱ አገሮች በ1950 የተፈራረሙት ውል አላቸው። ኔፓል ለብዙ አገር ዜጎችም እዚያው ሲደርሱ ቪዛ ትሰጣለች። ኢትዮጵያ ግን ይህ ከማይፈቀድላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። አስቀድማችሁ ከኔፓል ኤምባሲ ቪዛ ሳታወጡ ሱናውሊ ድንበር ድረስ ብትሄዱ ድካም ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ጫት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። የባሕር ዳር ልጅ ጫትን እንደ ወንጀል አያየውም፤ በየሰፈሩ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። ቻይና ግን ከ2014 ጀምሮ ከባድ ቁጥጥር በሚደረግባቸው አደንዛዥ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። ሆንግ ኮንግም ጉምሩኩ ይይዘዋል። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ ሻይ ቅጠል ታሽጎ ቢሄድ ለውጥ የለውም። ሲንጋፖር ደግሞ ዕፅ በማዘዋወር ሞት የምትፈርድ አገር ናት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የራሱ ያልሆነውን የሚሸከመው ልጅ ነው። «እዚያ ላለው ወንድሜ አድርስልኝ፣ ቅመም ነው» ይባላል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ከተማ ወደ ከተማ ሲሻገርም «ሆንግ ኮንግ ካለው ዘመዴ ይህችን ካርቶን አምጣልኝ» የሚል አይጠፋም። የሰው ዕቃ አትያዙ። ከያዛችሁም እሽጉን ፈታችሁ፣ እያንዳንዱን አይታችሁ፣ ራሳችሁ መልሳችሁ አሽጉ። ሰውየው ከተቀየመ ይቀየም። ጉምሩክ ላይ ሻንጣው የእናንተ ነው፤ «አላውቅም» ማለት አያድንም።

ቋንጣና ቅቤም ወደ ቻይና በተጓዥ ሻንጣ አይገቡም። ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦና እንቁላል የተከለከሉ ናቸው። ቤት የተላከላችሁን ቋንጣ ለስንቅ ይዛችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ ይወሰድባችኋል። በርበሬና ሽሮ ይበቃል።

ሌሊትን በእኛ ቀን መቁጠር

ቲኬቱ ኦክቶበር 5፣ 00፡40 ይላል እንበል። እኛ ቀኑን ከንጋት የምንቆጥር ሰዎች ስለሆንን ሌሊት 6፡40ን ከአራተኛው ቀን ጋር አድርገን ነው የምናስበው። ፈረንጆቹ ጋ ግን አምስተኛው ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሯል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ያለባችሁ ኦክቶበር 4 ማታ ነው። በአምስተኛው ቀን ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ልጅ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ርካሽ ቲኬቶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ስለሆኑ ደጋግሞ ያጋጥማል። ስትቆርጡ ቀኑን ከነምሽቱ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ስም

ቲኬት ላይ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳትለውጡ ቅዱ። የአያትን ስም «ቦታ አይበቃም» ብላችሁ አትዝለሉ።

ቢጫ ካርድ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ክረምቱን ባሕር ዳር አሳልፋችሁ በተመለሳችሁ ሳምንት ጉዞ ካሰባችሁ ሲንጋፖር የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ትጠይቃለች፤ የምታየው ከመግባታችሁ በፊት ያሉትን 6 ቀናት ነው። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ካርዱ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ካርዱን እናታችሁ ቤት መሳቢያ ውስጥ አትተዉት።

ስለ ሲንጋፖር ካነሳን፣ የመግቢያ ቅጹ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኛችሁ ዝጉት። ፓስፖርታችሁም ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን።

ገንዘብና ስልክ

ቻይና ሁሉን በስልክ መክፈል ስለለመዳችሁ ባዶ ኪስ አትውጡ። የምትሄዱበትን አገር ገንዘብ ትንሽም ብትሆን በጥሬው ያዙ። የመመለሻ ቲኬቱን፣ የሆቴሉን ማስያዣና የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አትሙ። ኢሚግሬሽን ሲጠይቅ ስልኩ ባትሪ የጨረሰበት ልጅ ሲንተባተብ አይቻለሁ፤ የጠየቁት የመመለሻ ቲኬት ብቻ ነበር።

ለማንም ሳይናገሩ መሄድ

ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳታሳውቁ አትውጡ፤ በተለይ ስኮላርሺፕ ላይ ያላችሁ። ቤተሰብም ይወቅ። የመኖሪያ ፈቃዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አንድ ለቤት፣ አንድ ለዶርም ጓደኛ ላኩ።

ስትመለሱም ነገሩ በዚያው አያበቃም። ቻይና ውስጥ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት። ዶርም የምትኖሩ ከውጭ መመለሳችሁን ለቢሮው ንገሩና እንደገና መመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ግን ሻንጣውን አስቀምጣችሁ፣ ፓስፖርቱንና የኪራይ ውሉን ይዛችሁ፣ በራሳችሁ ወደ ሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።