ዶሮው ደርሶ እሮብ ሲገባ፦ ድግስ የምናበላሽባቸው ስህተቶች

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሊጠይቁን ተነሱ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ለእራት ይደርሳሉ ብዬ ዶሮ ሠራሁ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መኪናቸው አባይ በረሃ ውስጥ ተበላሸች። መካኒክ ከደጀን እስኪወርድ፣ ዕቃ እስኪገኝ፣ ዳገቱን እስኪወጡ ጊዜው ነጎደ። ቤት ሲደርሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። እጅ አስታጥቤ መሶቡን ከፈትኩ። የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞላው። እማማ ሰዓታቸውን አዩና ቀስ ብለው «ልጄ፣ እሮብ ገብቷል እኮ» አሉኝ። አብረዋቸው የመጡት አራት ሰዎችም የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ኩም አልኩ። በዚያ ሌሊት ተነስቼ ሽሮ ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደግሻለሁ፣ ብዙም ተጠርቻለሁ። እኛ ጎጃም ውስጥ ጤፉም ቅቤውም ማሩም አለን፣ ሙያውም አይጠፋም። ድግሳችን የሚበላሸው ወጡ ስላልጣፈጠ አይደለም። በቀን፣ በሰዓትና በቆጠራ ነው የምንወድቀው። እኔ ራሴ የሠራኋቸውንና ሰው ቤት ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ቀን ሳያዩ መጥራት

እሮብና ዓርብን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ይረሳል። ሰው ለሐሙስ ማታ ይጠራና እንግዳው ሲመሽበት፣ ጨዋታው ሲደራ፣ ሥጋው የሚቀርበው ዓርብ ሊገባ ሲል ይሆናል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከጠራችሁ በጊዜ አብሉ፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። እነዚህን የሚስት የለም። የሚያሳስተው ህዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ነው፤ ወጣቱ ብዙም አይጾመውም፣ ትልልቆቹ ግን ይጾማሉ። እናም አንድ ቤት ውስጥ ግማሹ ጥብስ ይበላል፣ ግማሹ ጥግ ይዞ ሽሮ ይጠብቃል። አብሳዩ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ የጾሙ ወጥ ትንሽ ይሆንና አያት በልጅ ልጃቸው ፊት ሲሸማቀቁ ይታያል።

ሌላም አለ። በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምስም። ለ6 ሰዓት ምሳ ጠርታችሁት ቢመጣ እንኳ የእናንተን አፍ ሲያይ ነው የሚውለው።

አሳስ? ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥያቄ ስንቱን ጠረጴዛ አጨቃጭቋል። «አሳ ይጾማል» የሚል አለ፣ «እንዴት ተደርጎ» የሚል አለ። ክርክሩን ለእነሱ ተዉት። እናንተ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በተለይ ቄስ ወይም ሸምገል ያሉ ሰው ካሉበት «የጾም ነው» ብላችሁ አሳ እንዳታቀርቡ። እኔ አንዴ አቅርቤ አባ ዝም ብለው ዳቦ በሻይ ሲበሉ አይቻለሁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሥጋውን ለሁሉም አንድ ማድረግ

ባሕር ዳርም ሞጣም ሌላም ቦታ ሙስሊም ጎረቤት አለን፤ ሰርጋችንም ለቅሷችንም አንድ ላይ ነው። የሚገርመኝ ጎረቤቱን ጠርቶ «ለእናንተ አትክልት አለ» የሚል ሰው ነው። ድሮ እናቶቻችን እንዲህ አያደርጉም ነበር። በጉን ለሙስሊሙ ጎረቤት ይሰጡታል፣ ራሱ ያርዳል፣ በራሱ ድስት በራሱ ሰው ይሠራል፣ ለብቻው መሶብ ይቀርባል። ድስቱም ማማሰያውም ቢላዋውም የተለየ ነው የሚሆነው። በአንድ ጭልፋ ሁለቱን ወጥ ያወጣ ልጅ ልፋቱን ሁሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ጎረቤታችሁ እየጾመ ረመዳን ላይ ምሳ እንዳትጠሩ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ? ነበረብኝ፣ አይቻለሁና።

ሰውን በተጠራው ልክ መቁጠር

እኛ ስንጠራ «ና» አንልም። «ከነቤተሰብህ ና» ነው የምንለው። እሱ ደግሞ በመንገድ ያገኘውን የአጎቱን ልጅ ይዞ ይመጣል። የመጣው ልጅ ጓደኛ አለው። ሃያ ጠርታችሁ ሠላሳ ካልመጣ እኔን አያምጣኝ። ይህን ማማረር ዋጋ የለውም፣ ባህሉ ነው፣ ደግሞም ደስ ይላል። ስህተቱ ለሃያ መሥራቱ ነው።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሥጋና ዶሮውን በተጠራው ሰው ልክ እሠራለሁ፤ እንጀራውን፣ ምስር ክኩን፣ አልጫውንና ጎመኑን ግን አንድ ተኩል እጥፍ አደርጋለሁ። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ቢተርፉም በማግስቱ ይበላሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል እንጀራ ብዬ ነው የማስበው፤ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ካለ ሦስት። ሳህንና ብርጭቆም ቁጠሩ። የእድሩን ዕቃ ለመዋስ በዋዜማው ማታ የሚሮጥ ሰው ጥር ላይ ምንም አያገኝም፤ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ድንኳኑም ድስቱም ሰው ቤት ነው።

መጠጡን በመጨረሻ ማሰብ

ጠላ ችኮላ አይወድም። ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ ቂጣውና አሻሮው ገብቶ ተደፍድፎ፣ ውሃ ተሞልቶ ተከድኖ እስኪጠራ ቢያንስ አሥር ቀን ነው። ብርዱ በሚጠናበት አገር፣ እንጅባራ አካባቢ እንበል፣ ከዚያም ይረዝማል። በአምስተኛው ቀን ጉሹን ቀድቶ «ትኩስ ነው» የሚል ደጋሽ ሰውን ሆዱን ነፍቶ ይሸኘዋል። ጠጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካልደረሰላችሁ ለስላሳና ቢራ ግዙ፣ ነውር የለውም። አረቄውን ግን ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡት፤ ከምግብ በፊት የሚቀዳ አረቄ ድግሱን ሳይጀመር ይጨርሰዋል።

ደግሞ ውሃ! ጠላ ለማይጠጣው፣ ለልጁ፣ መድኃኒት ለሚወስደው ንጹሕ ውሃ ያላቀረበ ቤት ስንቱን አይቻለሁ። ጋን ሙሉ ጠላ አለ፣ አንድ ጆግ ውሃ የለም።

ዶሮ ወጥን በዕለቱ መጀመር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዶሮ በእንግዳው ቀን ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ አይደርስም። ይደርሳል የሚል ሰው ካለ ሽንኩርቱ ሳይበስል የበላ ነው።

ለአንዲት ዶሮ 2 ኪሎ ግድም ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል። ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ ድስት ውስጥ ይገባና የራሱ ውሃ እስኪመጥ ይቁላላል። መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነው እንጂ ብርጭቆ ሙሉ አይደለም። ቁሌቱ ቀለሙ ተለውጦ እንደ ገንፎ ሲሆን በርበሬው ይገባል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በርበሬ ካልበሰለ ጉሮሮ ይይዛል፤ ብዙ ቅቤ ብትጨምሩበትም አይደበቅም። ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የታጠበው ዶሮ። እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ነው። መከለሻው ሊወርድ ሲል።

ይህ ሁሉ በዋዜማው ይሠራ። ዶሮ አድሮ ነው የሚጣፍጠው። በዕለቱ ማሞቅ ብቻ፣ በቀስታ፣ ሳያማስሉ፤ ካማሰላችሁት ሥጋው ከአጥንቱ ይለያይና አሥራ ሁለቱ ብልት የት እንደገባ ይጠፋል። ፈረሰኛውን የሚጠብቅ አባወራ ደግሞ አለ፣ ታውቁታላችሁ።

የእንጀራውም ነገር ያው ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። አብሲቱን ለማሳጠር የሚሮጥ ሰው ዓይን የሌለው እንጀራ ያወጣል፤ የቱንም ያህል ማኛ ጤፍ ቢሆን።

«በሞቴ» ማብዛት፣ ወይም ጭራሽ አለማለት

እኛ ጋ እንግዳን «ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው። ዝም ብሎ ይቀርባል። እንግዳውም መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፣ ባይበላም። ሁለተኛ ሲሉት «እንግዲህ ትንሽ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ይበላል። ከከተማ የመጣች ዘመዳችን አንዴ የገጠር እንግዳዋ «በቅቶኛል» ሲላት አምናው ሳህኑን አነሳችበት። ሰውየው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ሌላው ጫፍ ግን የባሰ ነው። «ንሳ እቺን ብቻ! አፈር ስሆን! በሞቴ!» እያሉ አፍ ውስጥ መጠቅጠቅ። አሁን ዘመኑ የስኳርና የደም ግፊት ነው። ስንቱ ሰው ሐኪም ጨውና ቅቤ ከልክሎት ለማስረዳት እየከበደው ይጎርሳል፣ ማታ ይታመማል። ጉርሻ አንድ፣ ሲበዛ ሁለት። «አንዱ ያጣላል፣ ሁለቱ ያፋቅራል» የሚለው ተረት ለወጣት ነው የተሠራው። ሰው ደረቱን ይዞ «እውነቴን ነው» ካለ እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አጉራሹ እጁን ታጥቧል? በማንቆርቆሪያ ሁለት ጠብታ ማፍሰስ መታጠብ አይደለም። ሳሙና ይቅረብ። ከትልቅ ይጀመር፣ ሁሉም ይታጠብ።

እንግዳ ሬስቶራንት ሲወሰድ ደግሞ

ቤት መደገስ ያቃተው ሰው «ውጭ እንብላ» ይላል፣ ውጭም ግን ድግስ ነው። የወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ሲመረቅ አሥራ አንድ ሆነን፣ ሳንደውል፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ቤት ገባን። የምርቃት ቀን! ከተማው በወላጅ ተሞልቷል። አንዱ የአሳ ጉላሽ፣ አንዱ ጥብስ፣ አንዷ ዱለት፣ አንዱ ኮተሌት፣ ሌላው «እኔ ቆሮሶ ሙሉውን»፣ አክስቴ ደግሞ በያይነቱ አዘዙ። የመጀመሪያው ሳህን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። የመጨረሻው የመጣው ሌሎቻችን ቡና ጨርሰን ነው፣ እሱም የተመራቂው ነበር። አስተናጋጇን መውቀስ አልችልም። ጥፋቱ የኛ ነው።

ከአምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ በዋዜማው ደውሉ። በየግል አትዘዙ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት በትልቅ ትሪ ይምጣ፣ ሁሉም ይቅመስ። ዛሬ የገባው አሳ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ አምባዛ የማይበላ ሰው አለና ሳይጠይቁ ለእሱ ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ቁርጥ ቤት ከሆነ የኪሎው ዋጋ ይጠየቅ፣ ሚዛኑ ይታይ፣ አጥንትና ስብ የሚወጣው ከሚዛን በፊት ይሁን በኋላ ይታወቅ። የቄራ ማኅተም ያለው ሥጋ ነው ወይ ብሎ መጠየቅም አያሳፍርም። ከጠረጴዛው ዙሪያ ጥሬ የማይበላ ሰው ይኖራል፣ ኮሶውን ፈርቶ ወይም ሐኪም ከልክሎት። «ወንድ አይደለህም እንዴ» እያላችሁ አታስጨንቁት። ግማሽ ኪሎ ጥብስ ጨምሩ፣ አለቀ።

ሒሳቡ ላይ የሚደረገው ትግል ደግሞ የኛ ስፖርት ነው። «እኔ ልሙት አትከፍልም» እየተባባሉ የሰው ኮት መጎተት፣ አስተናጋጅን ሁለት በኩል መሳብ። ጋባዡ እናንተ ከሆናችሁ እጅ ልታጠብ ብላችሁ ተነሱና ካሸር ጋ ጨርሱ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር አይጨምር ቀድማችሁ እዩ፣ ለአሥር ሰው ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ለአስተናጋጇም ጉርሻ አትርሱ፤ አሥራ አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓይነት ያዘዘባት ከሆነ በተለይ።

ቡናውን መዘንጋት

ሰው በልቶ ወዲያው የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአብሳዩ ጥፋት ነው። ከሰሉ የሚቀጣጠለው ሰው ከበላ በኋላ ነው፣ ስኒው አልታጠበም፣ ቡናው አልተቆላም። ከሰሉ ምግቡ መሃል ላይ ይያያዝ። አቦሉ ሲወጣ ሰው ገና እጁን እየታጠበ ይሁን። ቶናና በረካ ላይ ነው ወሬው የሚመጣው፤ የቤቱ ሰው ግን በረካ ሳይደርስ ዕቃ ማጠብ ከጀመረ፣ ድስት እያንኳኳ፣ እንግዳው ይገባዋል። ይነሳል።

ዕቃው ይቆይ። እንግዳችሁን እስከ በር ሳይሆን እስከ መንገዱ ሸኙት።

እማማ ዘንድሮም ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ቀኑን ራሴ መርጬ ለትንሣኤ ማግስት ጠርቻቸዋለሁ። ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ እሮብም ዓርብም አይጾምም። አባይ በረሃ ላይ መኪናዋ ብትሰነብት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢደርሱ፣ ዶሮው ይበላል።