ሐክኒ ላይ የሎዲጅስን ችግኝ ጣቢያ ፍለጋ ስትወጡ እነዚህን አታድርጉ

ከሐክኒ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ በናሮው ዌይ ወደ ቅዱስ አውግስጢኖስ ማማ ወጥቶ፣ የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አቋርጦ፣ ሰተን ሃውስ የሚባለውን አሮጌ ቤት አልፎ፣ ሞርኒንግ ሌንን ተሻግሮ፣ በፓራጎን ሮድና በሎዲጅስ ሮድ አድርጎ ወደ ሜር ስትሪት የሚመልሰው መንገድ፣ ቀስ እያሉ ቢሄዱም ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ለንደን የመጣ ዘመድ ቢግ ቤንን አይቶ "ሌላስ?" ሲለኝ የምወስደው እዚህ ነው። ሎዲጅሶች ከሩቅ አገር በመርከብ ተክል እያስመጡ ሐክኒ ላይ ይሸጡ የነበሩ ቤተሰብ ናቸው፤ መንገዱ የድሮ ችግኝ ጣቢያቸው በነበረበት ሰፈር ያልፋል። አሁን አሁን ጓደኞቼም እንግዶቻቸውን ይዘው ይዞሩበታል። ደስ ይለኛል፤ ስህተቶቹን ደጋግሞ ማየት ግን ሰለቸኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመስታወት ቤት መፈለግ

"ደርሰናል፤ ግን ምንም የለም" ብሎ ያልደወለልኝ የለም። አንዱማ አማቱን ጨምሮ ቤተሰቡን በሙሉ ሎዲጅስ ሮድ ላይ ፎቅ ቤቶቹ ፊት አቁሞ፣ አበባ የተጻፈበት ሰሌዳ ይፈልግ ነበር። አማትየው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው" አሉት። እውነታቸውን ነው።

ችግኝ ጣቢያው ከተዘጋ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል። መሬቱ የኪራይ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ ከተክል ይልቅ ቤት የሚያዋጣበት ጊዜ መጣና በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተሸጠ። ዘንባባዎቹን ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል ሰው ክሪስታል ፓላስ ለሚባለው ትልቅ የመስታወት አዳራሽ ገዛቸው፤ ትልቁን ዘንባባ በለንደን ጎዳና ለመጎተት 32 ፈረሶች አስፈልገው ነበር። የቀረው የመንገድ ስም ነው። እንግዳችሁን "አሁን የሚያምር ነገር አሳይሃለሁ" ብላችሁ ከወሰዳችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው። "አሁን የማይታይ ነገር እነግርሃለሁ" በሉት።

ባዶ አፍ ይዞ መሄድ

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የሚታይ ነገር በሌለበት ቦታ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬውን ሳይዙ መሄድ ደግሞ ምን ይባላል? ሰዎች ማማው ሥር ሃያ ደቂቃ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1535 የተሠራው ሰተን ሃውስ ጋ ሲደርሱ ስለ ሄንሪ 8ኛ ሚስቶች ይተርካሉ። ሎዲጅስ ሮድ ላይ ሲደርሱ ግን ስልካቸውን አውጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከዊኪፔዲያ ላይ ዓመት በዓመት ያነቡታል! ጆን ቡሽ የሚባል ጀርመናዊ ጣቢያውን እንደጀመረ፣ ለንግሥቲቱ ለታላቋ ካትሪን ሊሠራ በ1771 ወደ ሩሲያ እንደሄደ፣ ኮንራድ ሎዲጅስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ እንደተረከበው፣ ልጁ ጆርጅ እንዳስፋፋው። እንግዳው በዚህ መሃል የአውቶቡሱን ቁጥር እያየ ነው።

አንድ ታሪክ ምረጡና በቃላችሁ ያዙ። የእኔ ምርጫ የዶክተር ዋርድ ሣጥን ነው። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣ ተክል ጨውና ንፋስ ይፈጀው ነበር። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም፣ የእሳት ራት ሙሽሬ (ትሉ ወደ እሳት ራት እስኪለወጥ ተሸፍኖ የሚቆይበት) ባስቀመጠበት የተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል በራሱ ጊዜ በቅሎ አገኘ። ከዚያ እሱና ጆርጅ ሎዲጅስ ተክል በታሸገ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አድርገው በ1833 ወደ ሲድኒ ላኩ፤ ደህና ደረሰ። ሎዲጅስ እንደተናገረው፣ ቀድሞ በመርከብ ከሚያስመጣው ከ20ው 19ኙ ይሞትበት ነበር፤ ከሣጥኑ በኋላ ከ20ው 19ኙ ይተርፍለት ጀመር።

ይህንን ስናገር ኪሴ ውስጥ የማርማላታ ጠርሙስ አለ፤ እርጥብ አፈርና ትንሽ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ከቤት አድርጌበት ክዳኑን አጥብቄ ይዤው እወጣለሁ። ሰተን ሃውስ ስንደርስ በእጄ ሙቀት የጠርሙሱ ግድግዳ ላብ አውጥቷል። ሎዲጅስ ሮድ ላይ አወጣውና እሰጣቸዋለሁ፦ ውሃው ሲተን፣ መስታወቱ ላይ ሲጠራቀም፣ ጠብ ብሎ ወደ አፈሩ ሲመለስ ያያሉ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልጆች ጠርሙሱን አንመልስም ይላሉ።

"እንሰታችንን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ሎዲጅሶች ናቸው" ማለት

አይደሉም። ይሄ ወሬ ከየት እንደተነሳ እንጃ፣ አበሻ እንግዳ ደስ እንዲለው የተጨመረ ይመስለኛል። የእንሰት ዘር ለንደን ላለው ለኪው የዕፅዋት ማዕከል የተላከው ምጽዋ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በዋልተር ፕላውደን በኩል ነው፤ እዚያም በ1853 በቅሏል። ያኔ የሎዲጅስ ቤት በሩን እየዘጋ ነበር። እንሰት ማሳየት ከፈለጋችሁ በእንግሊዝ በጋ የመናፈሻ መደቦችን እያያችሁ ሂዱ፤ ቅጠሉ የሚቀላውን ዓይነት ለጌጥ ይተክሉታል። ከደቡብ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ሳቁን ጠብቁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተክል መቁረጥ

ሎዲጅሶች የተቀበሩት እዚያው ቅዱስ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ በዝግታ እለፉ። እናቶች ግን ሳማ ካዩ አይቻሉም። አንዲት የጎጃም እናት ነጠላቸውን እጃቸው ላይ ጠምጥመው ለጋ ለጋውን መቀንጠስ ጀምረው ነበር፤ "እትዬ፣ እዚህ እኮ ውሻ ይሸናበታል" ስላቸው ጣሉት፤ ቢሆንም እስከ ሞርኒንግ ሌን ድረስ ስለ ሳማ ፍትፍት እያወሩልን ሄዱ። ዘር ለቅሞ በሻንጣ ወደ አገር ቤት መውሰድ ደግሞ ይብሳል። ሎዲጅሶች ከሸጧቸው ጌጦች አንዱ የነበረው ሮዶዴንድሮን ፖንቲኩም የሚባል አበባማ ቁጥቋጦ ዛሬ የብሪታንያን ጫካ ወርሮ በብዙ ገንዘብ እየተነቀለ ነው።

ጫማ

ከቅዳሴ በቀጥታ በተረከዝ አትምጡ።

ዙሩን ገልብጦ መጀመር

ሜር ስትሪትን መጀመሪያ ካደረጋችሁት ገበያው ይበላችኋል፤ እንግዳው ሱቅ ገብቶ አይወጣም። ከማማው ጀምሩ፣ ሱቁ መጨረሻ ላይ ይድረስ።

አብኒ ፓርክን መጨመር

ከ1840 ጀምሮ የመቃብር ቦታ የሆነውን አብኒ ፓርክ፣ 2500 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ በፊደል ተራ የተከሉበት ሎዲጅሶች መሆናቸው እውነት ነው። ግን ስቶክ ኒዊንግተን ነው ያለው፤ የዚህ ዙር አካል አይደለም። ሽማግሌ ይዞ ሁለቱን በአንድ ከሰዓት ልጨርስ ያለ ሰው ታክሲ መጥራቱ አይቀርም። ሌላ ቀን በአውቶቡስ ሂዱ፤ ሰተን ሃውስም በየቀኑ ስለማይከፈት ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ።