የጀልባ ቴፕ ሲቆራረጥ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ለኩ

ባህር ዳር ነው የምኖረው። ጣና ላይ የሚሠሩ ጀልባዎች ኤሌክትሪክ ሲበላሽ እጠግናለሁ። ስለ ቴፕ የሚመጣልኝ ስሞታ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። ድምፅ ሲጨመር ይጠፋል። ሞተር ሲነሳ ጠፍቶ እንደገና ይበራል። አስጎብኚው ማይኩን ሲያነሳ ጭራሽ ዝም ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ሌላ ቴፕ ልግዛ ወይ?»

አትግዙ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ቆዩ። ብዙ ጊዜ ቴፑ ጤነኛ ነው። ኤሌክትሪኩ ነው እሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረው።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ቤንዚን ልናገር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከጀልባው ወለል ሥር ይተኛል። ክዳኖቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ንፋስ ይግባበት፣ ጀሪካኑን ከጀልባው አውርዱ። ሽታ ካለ ምንም አትንኩ። ሽቦ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ባትሪው ይፈታ። ስትፈቱ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ስታስሩ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ቁልፉ የሞተሩን ብረት ሲነካበት እሳት ይረጫል። ከቤንዚን አጠገብ ይህ ቀልድ አይደለም።

ልኬቱን ከባትሪው ጀምሩ። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓት ያለፈው ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከሆነ አልቋል ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ይሞላ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና እንደገና ለኩ። ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.4 ማየት አለባችሁ። ቁጥሩ ካልጨመረ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። በገመድ እየተሳበ የሚነሳ ትንሽ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባትሪ የሚሞላ ነገር ጭራሽ የለውም። እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ 50 ዋት የሶላር ፓነል ከነመቆጣጠሪያው ጣሪያው ላይ ብታስሩ እኩለ ቀን ላይ ወደ 3 አምፒር ይሰጣችኋል። ለቴፕና ለስልክ ቻርጅ ጥሩ ነው።

ባትሪው ደህና ከሆነ ዋናው ሥራ አሁን ይጀምራል።

ብዙ ሰው ቴፑን አጥፍቶ ከኋላው ይለካል፣ 12.6 ያያል፣ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ይላል። ይህ ቁጥር ያታልላል። ቴስተር ራሱ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከሽቦው ቀጫጭን ክሮች ውስጥ አንዷ ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ሙሉ ቮልት ያሳያችኋል። ችግሩ የሚታየው ቴፑ ሲሠራ፣ ያውም ድምፁ ጨምሮ ሲሠራ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቴፑን ክፈቱና ድምፁን ጨምሩ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ቴፑ ጀርባ ካለው ጥቁር ሽቦ ላይ አድርጉ። የቴስተሩ ገመድ ካልደረሰ በማንኛውም ሽቦ አስረዝሙት። ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸውና ንጹሕ መስመር ከሆነ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። እስከ 0.3 ድረስ እኔ አልጨነቅም። ከ0.5 ካለፈ ፍለጋ ይጀመር። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ለኩ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ቴፑ ቢጫ ሽቦ። ቁጥሩ የበዛበት መስመር ነው የታመመው።

ኔጋቲቩን አስቀድሙ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹን ቴፖች የሚገጥሙት የመኪና ኤሌክትሪሽያኖች ናቸው። መኪና ላይ የመኪናው አካል በሙሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ጥቁሩን ሽቦ ያገኙት ብሎን ላይ አስረው ይሄዳሉ። ፋይበር ጀልባ ግን እንዲህ ያለ አካል የለውም። የብረት ጀልባ ቢሆን እንኳ ውሃ ላይ የተቀመጠ ብረት ኤሌክትሪክ መመለሻ መሆን የለበትም፤ ብረቱን ቶሎ ያስበላዋል። ጀልባ ላይ ኔጋቲቩ የራሱ ሽቦ ኖሮት በቀጥታ ባትሪው ድረስ መሄድ አለበት።

አንድ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልሱ አባት ጠርተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ጠዋት ስሄድ ይሠራል፤ ከሰዓት ስመለስ ይቆራረጣል» አሉኝ። ይህ አነጋገር ግማሹን ሥራ ጨረሰልኝ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነው ንፋስ የሚነሳው። ማዕበሉ ጀልባውን ሲመታ የሚጠፋ ቴፕ የላላ ቀጠሎ አለው ማለት ነው። ለካሁት፤ በጥቁሩ መስመር ላይ ወደ 2 ቮልት እየጠፋ ነው። ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። አግዳሚ ወንበሩ ሥር ገብቶ የጣሪያውን ቋሚ ከያዘው ብሎን ጋር ታስሯል፤ ከብሎኑ ወደ ባትሪው የሚሄድ ሌላ ሽቦ ደግሞ በእጅ ተጠምዝዞ ተቀጥሏል። ናስትሮውን ስልጠው ውስጡ እርጥብ ነው። መዳቡ መዳብ አይመስልም፤ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ነካ ሳደርገው ክሮቹ እጄ ላይ ተበጣጠሱ።

ሁሉንም አውጥቼ አዲስ ሽቦ ከባትሪው አመጣሁ። ቁጥሩ ወደ 0.2 ወረደ። ቴፑ ያው የድሮው ነው።

ጣና ጨው የለውም፤ ስለዚህ ባሕር ላይ እንዳለ ጀልባ ሽቦ ቶሎ አይበላም። ክረምት ላይ ግን እርጥበቱ ናስትሮ ሥር ገብቶ አይወጣም። ናስትሮ ውሃ ይይዛል እንጂ አይከለክልም። ቀጠሎ ግድ ከሆነ በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ተጠቀሙ፤ ላዩን ሲሞቅ የሚኮማተር ጎማ አልብሱት። የባትሪውን ራስ በብርጭቆ ወረቀት አብርታችሁ እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ቴፑ ጋ የሚደርሰው ሽቦ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። በሽቦው የሚወርደው ውሃ እዚያው ጎንበስ ካለበት ይንጠባጠባል፤ ቴፑ ውስጥ አይገባም።

የሽቦው ውፍረትም ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው ከኋላ ሞተሩ ጋ፣ ቴፑ ከፊት ነጂው ጋ ነው እንበል፤ ርቀቱ 6 ሜትር። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳልና የሚጓዘው 12 ሜትር ነው። በባለ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ 10 አምፒር ሲያልፍ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። በባለ 6 ሽቦ የሚጠፋው 0.35 ብቻ ነው። የዋጋው ልዩነት ከአዲስ ቴፕ ጋር አይወዳደርም። ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ደረቅ ባለ አንድ ክር ሽቦ አትግዙ፤ በሞተሩ ንዝረት ይሰበራል። ተጣጣፊውንና ብዙ ክር ያለውን ግዙ።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ቴፑ ጀርባ ያለው ፊውዝ ቴፑን ነው የሚጠብቀው። መሐል ላይ ሽቦ ቢላጥና ቢነካካ ጀልባውን ከእሳት የሚያድነው ባትሪው አጠገብ ያለው ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚሠሩ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፊውዙ የተቃጠለበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ፈልጉ። ሐይቅ መሐል እሳት ቢነሳ መሸሻ የለም።

ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ ቴፕ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ብዙ ስለሚስብ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል። እያስነሳችሁ ለኩ። ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ወፍራሞቹ ገመዶች ላልተዋል። ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ከጠፋ ለቴፑ የራሱን ባትሪ ለዩለት። ርቆ ወደ ደቅ ወይም ወደ ጎርጎራ ለሚሄድ ጀልባ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ሙዚቃ ባትሪውን ጨርሶት ሞተር አልነሳ ቢል ከባድ ነው። 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ካልን 30 ይሰጠናል፤ በአማካይ 5 አምፒር ለሚስብ ቴፕ 6 ሰዓት ይሆናል።

ትልቅ አምፕሊፋየር ለሚጠይቁኝ ግን መልሴ አጭር ነው። 400 ዋት የሚስብ አምፕ በ12 ቮልት ከ33 አምፒር በላይ ይጎትታል፤ ለዚያ የሚሆን ባትሪና ሽቦ ካላችሁ ይቻላል። ድምፅ ግን ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል። በክብራን ገብርኤልና በእንጦስ ኢየሱስ ገዳማት አጠገብ ስታልፉ ጸሎት ላይ ያሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ለተሳፋሪ ሁለት ጥሩ ስፒከር ይበቃል።

ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚጮኽ ፉጨት ካለ የቴፑን ሽቦዎች ከሞተሩ ገመዶች አርቁ፤ የቴፑንና የአምፑን ኔጋቲቭ አንድ ቦታ ላይ እሰሩ። የፉጨት ማጣሪያ የሚገዛው ይህ ሁሉ ተደርጎ ፉጨቱ ካልጠፋ ነው።

የመጨረሻው፣ ቆሞ የሚያልቅ ባትሪ ነው። አብዛኛው የመኪና ቴፕ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ጣቢያና ሰዓት የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ በቁልፍ የሚበራው ነው። መኪና በየቀኑ ስለሚነዳ ይህ አያስቸግርም። እንግዳ በጠፋበት ወቅት ለሳምንታት የሚቆም ጀልባ ላይ ግን ቢጫው ቀስ በቀስ ባትሪውን ይመጠዋል። ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ አድርጋችሁ ከዋናው ማጥፊያ ቀጥሎ በቴፑ በኩል እሰሯቸው፤ ማጥፊያው ሲጠፋ ሁለቱም ይቋረጣሉ። ጣቢያውን በየጊዜው መፈለግ ይኖርባችኋል፤ ባትሪው ግን ሞተሩን ያስነሳል።