የተነቀለውን ቴርሞስታት መመለስ፦ እኔና የ2007 ያሪሴ

መኪናዬ የ2007 (በፈረንጆች) ቶዮታ ያሪስ ናት። 1000 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ ማርሿ ማንዋል። ከአውሮፓ ነው የገባችው። የሻንሲ ቁጥሯ «ቪኤንኬ» ብሎ ይጀምራል፤ ፈረንሳይ ለመገጣጠሟ ምልክቱ ይኼ ነው። ስገዛት የሞተሯ ድምፅ ጥሩ ነበር። ጭስ የላትም፣ ቦሎም አልፋለች። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። በብርድ ጠዋት ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ስወጣ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋ ሰማያዊ መብራት የምትጠፋው መገናኛ ልደርስ ስል ነው።

የኔዋ ላይ የሙቀት ቀስት የለም። ሰማያዊዋ መብራት ሞተሩ ገና አልሞቀም ትላለች፤ ቀይዋ ደግሞ ከልክ በላይ ሞቋል። በመካከል ያለውን ሾፌሩ አያየውም። ጋራዥ ወስጄ ስጠይቅ መካኒኩ «እህቴ፣ ቴርሞስታቱ፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ወጥቷል። ለኛ አገር አየር አያስፈልግም። እንዲያውም ሂት አታደርግብሽም» አለኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ሞተር ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። አመንኩት።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄድን። ስንመለስ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ እየወጣን ሳለ ቀይዋ በራች። እናቴና ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። ወዲያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኮፈኑ ስር ዝገት ዝገት የሚሸት እንፋሎት ይወጣል። መኪናዋ ተጭና ነው አዲስ አበባ የገባችው።

ሲፈተሽ የውሃ ፓምፑ ለወራት ሲያንጠባጥብ ቆይቷል። በጎደለ ቁጥር የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት ስለኖረ የራዲያተሩ ግማሽ በቅርፊት ተደፍኗል። ቴርሞስታት ስለሌለ ከተማ ውስጥ ውሃው ያለ ከልካይ ይዞራል፤ ችግሩም ተሸፍኖ ይቆያል። ረጅም ዳገት ሲመጣ ግን ወጣ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አለመጣመሙ የእግዜር ቸርነት ነው። የዚህ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት አይችልም።

ፓምፑን መካኒክ ቀየረልኝ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ቺንጋውም መውረድ አለበት፣ እኔ ቤት አልሞከርኩትም። ዕቃውን ግን ራሴ ሶማሌ ተራ ሄጄ፣ አሮጌውን ይዤ፣ በሻንሲ ቁጥሩ አስመሳክሬ ገዛሁ። የቀረውን ሥራ ከብሎካችን በታች ባለው ፓርኪንግ በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩት። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ወንበር አውጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ስቸኩል «ቀስ በይ ልጄ፣ ሞተሩ የትም አይሄድም» ይሉኛል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ያሪስና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። በቴርሞስታት ስም ሊገደሉ አይገባም።

ቴርሞስታት በሰም የሚሠራ ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሩ ዝግ ነው። ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞርና ቶሎ ይሞቃል። 82 ዲግሪ አካባቢ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፣ በሩን ይገፋል፣ ውሃው ወደ ራዲያተር ያልፋል። በሩ ሲነቀል ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱም በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበቱ አይተንም። የኔዋ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የምትሄደው። ከተመለሰ በኋላ 13 አለፈች፤ ያው መንገድ፣ ያው እግር።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እኔ ማታ አቁሜ ጠዋት ነው የጀመርኩት። የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ጓንትና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ከዕቃ ደግሞ ቴርሞስታት ከነጎማ ቀለበቱ፣ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ሁለት ፋሼታ (የቧንቧ ማሰሪያ) እና አንድ ባለ 5 ሊትር ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ)። ኩላንቱ ለቶዮታ የሚሆነው ሮዝ ዓይነት፣ ተበጥብጦ የመጣ ቢሆን ይመረጣል። ያልተበጠበጠ ከሆነ እኩል በእኩል በዲስቲልድ ውሃ አቅጥኑት። ነዳጅ ማደያ ለባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃ ማለቴ ነው፤ አሲዱን እንዳትገዙ አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ራዲያተሩ ግርጌ የፕላስቲክ ማፍሰሻ አለች። በዕድሜ ስለምትደርቅ በጣት ብቻ፣ በቀስታ ፍቱ። የወጣው የኔው ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው። ቴርሞስታቱ ከነበረ ከማጠባችሁ በፊት አውጡት። የኔው ድሮውኑ ስላልነበረ በቀጥታ ወደ እጥበቱ ገባሁ። ንጹሕ ውሃ ሞላሁ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አደረግኩ፣ ሞተሩን ለ10 ደቂቃ አስነሳሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ አፈሰስኩ። አራት ጊዜ ደጋገምኩ። በአራተኛው ውሃው ጠርቶ ወጣ።

እዚህ ላይ እንደ ፋርማሲስት አንድ ነገር ልናገር። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ይለወጥና ኩላሊት ያጠፋል። ግቢያችን ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ፣ ውሾችም አሉ። የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ። አሮጌውን በጀሪካን ዘግታችሁ፣ ጽሑፍ ለጥፋችሁበት፣ ከልጆች አርቁ። በውሃ ጠርሙስ በፍጹም አታስቀምጡ።

አሁን ከመግጠማችሁ በፊት አዲሱን ቴርሞስታት ፈትኑ። ገበያው ላይ ኮፒ ስለሚበዛ ይህን አትዝለሉ። ለምግብ የማይሆን አሮጌ ድስት ወስዳችሁ ቴርሞስታቱን በክር ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉ፤ የድስቱን ታች አይንካ። ቴርሞሜትር ጨምሩና ቀስ ብላችሁ አሙቁ። የኔው ጠርዝ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። 80 ላይ ዝም ብሎ ነበር። 83 ሲደርስ የመሀሉ ሳህን እንደ ዓይን ቆብ በስሱ ከፈት አለ፤ ቴርሞስታቱም ከክሩ ሾልኮ ወደቀ። ዝግ ሳለ ክሩን በሩ ውስጥ ካስያዛችሁት የመክፈቻውን ሰዓት እሱ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ በሩ 95 ዲግሪ ላይ በሰፊው እንዲከፈት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ያበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ በሩ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በተጻፈበት ቁጥር አካባቢ መከፈት መጀመሩን፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አጥብቆ መዘጋቱን እዩ።

ከራዲያተሩ የሚነሱትን ሁለት ወፍራም ማኒኮቶዎች (የጎማ ቧንቧዎች) ተከተሉ። አንዱ ሞተሩ ላይ ሲደርስ በብሎን የታሰረ ቤት ታገኛላችሁ፤ ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ፊቱን በጨርቅ አጽዱ፣ በካቻቢቴ አትፋቁት፤ አሉሚኒየሙ ከተጫረ ያፈሳል። ምንጩ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ይዞራል። ጠርዙ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች፤ አየር የምታሳልፈው እሷ ስለሆነች ወደ ላይ ትሁን። ብሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ።

የራዲያተር ክዳን ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው። ለኛ ግን ከማንም በላይ ያስፈልገናል። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ካለ ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ያ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃን እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግፊቱን ከለቀቀ ውሃችሁ እንደ ድስቱ ውሃ 92 ላይ መፍላት ይጀምራል። የቆላ ሰው ባረጀ ክዳን ትንሽ ሊገፋ ይችላል፤ ደገኛ አይችልም።

ሙሊት። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጋ ትቁም። እኔ የፓርኪንጉን መውጫ ተጠቀምኩ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኩላንቱን በቀጭኑ አፍስሱ፣ ማኒኮቶዎቹን በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። አረፋ ይወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ይሁን። ሰማያዊዋ ስትጠፋ ክዳኑን ግጠሙና እጃችሁን ከፋኑ አርቁ። ማሞቂያው የማያቋርጥ ሙቅ አየር ከሰጠ፣ ፋኑም በራሱ ተነስቶ ከቆመ፣ አየሩ ወጥቷል። ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ግን አጥፉ፣ አቀዝቅዙ፣ እንደገና ሙሉ።

ፋኑን «ዳይሬክት» አድርጉት የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ቁልፉ እንደዞረ ሁልጊዜ ይዙር ነው ነገሩ። እምቢ በሉ። ዲናሞውን ያደክማል፣ የፋኑን ሞተር ይጨርሳል፣ የተበላሸውን ሴንሰር ወይም ሪሌ ደግሞ ይሸፍናል። ያው ቴርሞስታቱን የመንቀል ወንድም ነው።

እኔ የጨመርኩት ማሻሻያ አንድ ብቻ ነው። በብሉቱዝ የሚሠራ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ ዕቃ) ከመሪው በታች ሰካሁ፤ ስልኬ ላይ የውሃው ሙቀት በቁጥር ይታየኛል። የቀስት ጉድለት በዚህ ተሞላ። ቴርሞስታት ሳይኖር ጠዋት ሀይዌይ ላይ 60ዎቹ ውስጥ ነበረች፤ «ፒ 0128» የሚል ኮድም አውጥታለች። ትርጉሙ ሞተሩ በሚገባው ሙቀት ላይ አልደረሰም ነው። አሁን በ80ዎቹ አጋማሽ ትቆማለች፣ መጨናነቅ ውስጥ 95 አካባቢ ፋኑ ይነሳል፣ መልሳ ትወርዳለች። ዳገት ላይ 100 ካለፈች ኤሲ አጠፋለሁ፣ ማሞቂያ እከፍታለሁ። ካላቆመች ዳር እይዛለሁ። ቀይዋን አልጠብቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የረዳት ታንከሩን መስመር እዩ። አየር ቦታ ስለሚለቅ መጀመሪያ ትንሽ መጉደሉ ያለ ነው። የኔዋ ሁለት ጣት ያህል ጎደለች፣ ሞላኋት። በሦስተኛው ቀን መስመሩ ላይ ቆመች። ከሳምንት በላይ መጉደሏ ከቀጠለ የፓምፑን አካባቢ በባትሪ ፈልጉ፤ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካያችሁ ከዚያ ነው። ሰማያዊዋ መብራት አሁን ገና ከሰሚት ብዙ ሳልርቅ፣ ፊጋ ሳልደርስ ትጠፋለች።