የመኖሪያ መኪናዎ ከመብራት ጋር ተገናኝቶ አልሠራ ሲል ችግሩን ከምሰሶው ጀምሮ እንዴት እንደሚያገኙት

ማቆሚያ ቦታ ደርሰው፣ የካራቫኑን ወይም የሞተርሆሙን ገመድ ሰክተው፣ ውስጥ ገብተው ማብሪያውን ሲጫኑ ምንም አልበራም እንበል። ወይም መብራቱ በርቶ አየር ማቀዝቀዣው እምቢ አለ። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ካቻቪቴ ይዞ የመኪናውን የብሬከር ሳጥን ለመክፈት ይቸኩላል። እባክዎ አይቸኩሉ። ጥፋቱ ከመኪናው ውጭ፣ ገመዱ በሚሰካበት በማቆሚያው የሶኬት ምሰሶ ወይም በስፒናው ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጭው ሳይጣራ ውስጥ የሚደረግ ፍለጋ ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ ደህና የነበረውን ያበላሻል። ኃይሉ ከሚመጣበት ተነሥተው ወደሚሄድበት ይከተሉት፤ አንዱን ነጥብ በመለኪያ ሳያረጋግጡም ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ከሁሉ በፊት የጠፋው የትኛው ኃይል እንደሆነ ይለዩ። በመኖሪያ መኪና ውስጥ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። የጣሪያ መብራቶች፣ የውኃ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ማራገቢያና የፍሪጁ መቆጣጠሪያ የሚሠሩት ከባትሪው በሚመጣ 12 ቮልት ነው። አየር ማቀዝቀዣው፣ ማይክሮዌቩና የግድግዳ ሶኬቶቹ ግን ከምሰሶው የሚመጣውን ኃይል ይፈልጋሉ፤ ይህም በሰሜን አሜሪካ 120፣ በአውሮፓ 230 ቮልት ነው። ኮንቨርተር የሚባለው መሣሪያ በሁለቱ መካከል ሆኖ ከምሰሶው ኃይል ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ የጣሪያው መብራት መብራቱ ከምሰሶው ኃይል ለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። የማይክሮዌቩ ሰዓት ከበራ ግን ቢያንስ በከፊል ከምሰሶው ኃይል ገብቷል ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የሰሜን አሜሪካው አሠራር ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የትም ቢሆን አይለወጥም።

ምን ይያዙ?

ቮልት የሚለካ መልቲሜትር፣ ሽቦ ሳይነካ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳይ ብዕር መሰል ቴስተር፣ ካቻቪቴና የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። ሦስት ትናንሽ አምፖሎች ያሉትን የሶኬት መፈተሻ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ብቻውን አላምነውም። መስመሮቹ መቀያየራቸውን ያሳያል እንጂ ቮልቱ ስንት እንደሆነ አይናገርም። 100 ቮልት ላይም አምፖሎቹ ይበራሉ፤ ማቀዝቀዣው ግን በዚያ ቮልት ቢሠራ ኮምፕረሰሩ ይጎዳል።

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ድንገተኛ የኃይል ዝላይን ብቻ የሚከላከለውን ርካሽ መሣሪያ ትተው፣ ቮልቱን ያለማቋረጥ እየለካ ከ104 ሲወርድ ወይም ከ132 ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጠውን ዓይነት ይግዙ። የመጀመሪያው መብረቅን የመሰለ ቅጽበታዊ ግፊት ያስቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ የሚቆይ ወይም መስመሩ ተበላሽቶ ከፍ ያለ ቮልት ግን ሳይነካው ያልፋል። ዕቃ የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቮልት ነው።

ምሰሶው

የምሰሶውን ብሬከር ያጥፉና ገመዱን ይንቀሉ። የሶኬቱን ቀዳዳዎች በእጅ ባትሪ አብርተው ይመልከቱ። ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ፣ ስፒና ሲገባ የሚላላ ከሆነ፣ ልኬት እንኳ ሳያደርጉ ሌላ ቦታ ይጠይቁ። ደህና ከመሰለ ብሬከሩን መልሰው ያብሩ፤ በደረቅ እጅ፣ ጫማ አድርገው፣ የመለኪያውን ጫፎች ጣትዎ ብረት በማይነካበት በኩል ይዘው ይለኩ።

ባለ 30 አምፔር ሶኬት ሦስት ቀዳዳ አለው፦ ኃይል የሚያመጣው ፌዝ፣ ኃይሉ የሚመለስበት ኒውትራልና ከአደጋ የሚጠብቀው የምድር መስመር። ከፌዝ ወደ ኒውትራል 120 አካባቢ፣ ከፌዝ ወደ ምድር ያንኑ ያህል፣ ከኒውትራል ወደ ምድር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ንባብ ማግኘት አለብዎ። ከኒውትራል ወደ ምድር 120 ካገኙ ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረዋል። ፌዝ ከምድር ጋር 120 እያሳየ ከኒውትራል ጋር ምንም ካላሳየ ኒውትራሉ ተቋርጧል።

አንድ የተለየ አደጋ አለ። ይህ ሶኬት በመልኩ ለልብስ ማድረቂያ ከሚዘረጋው የ240 ቮልት ሶኬት ጋር ይመሳሰላል። የመኖሪያ መኪና የማያውቅ ባለሙያ በግቢ ውስጥ ሲዘረጋው 240 አድርጎ የሚሠራበት አጋጣሚ አለ፤ እንዲህ ያለው ሶኬት ላይ የተሰካ መኪና ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። አዲስ የተዘረጋ ሶኬት ላይ፣ የዘረጋው ማንም ይሁን፣ ሳይለኩ አይስኩ።

ባለ 50 አምፔሩ አራት ቀዳዳ፣ ሁለት ፌዝ አለው። እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 120፣ ሁለቱ እርስ በርስ 240 ሊያሳዩ ይገባል። 208 ካሳዩ ማቆሚያው ኃይሉን ያገኘው ከሦስት ፌዝ መስመር ነው፤ ችግር የለውም። እርስ በርስ ዜሮ ካሳዩ ግን ሁለቱም ከአንድ ፌዝ የተወሰዱ ናቸው። እንዲህ ሲሆን በኒውትራሉ ላይ የሚሄደው አምፔር እርስ በርሱ በመቀናነስ ፋንታ ይደመራል፤ 50 እና 50 ሆኖ እስከ 100 ይደርሳል። ገመዱ ለዚያ አልተሠራም።

ሲለኩት ደህና፣ ሲሠሩበት የሚጠፋው ኒውትራል

ሰውን ይበልጥ የሚያታልለው ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ባለ 50 አምፔር መኪና ውስጥ ሁለቱ ፌዞች 120 ሆነው የሚቆዩት ኒውትራሉ መሐል ስለያዛቸው ነው። ኒውትራሉ ከተቋረጠ በሁለቱ ፌዞች ላይ ያሉት ዕቃዎች ተከታትለው እንደተያያዙ ሆነው 240ውን ይካፈሉታል፤ የሚካፈሉት ግን እኩል አይደለም። በአንዱ ፌዝ ላይ 1,200 ዋት ማሞቂያ፣ በሌላው ላይ 120 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን አለ እንበል። የማሞቂያው ሬዚስታንስ 12 ኦም፣ የቴሌቪዥኑ በግምት 120 ኦም ነው። ድምሩ 132 ስለሚሆን ለቴሌቪዥኑ 218 ቮልት ያህል ይደርሰዋል፤ ለማሞቂያው 22 ብቻ ይቀርለታል። ትንሽ ኃይል የሚወስደው ስሱ ዕቃ ይቃጠላል፤ ከባዱ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ብሬከሩ ደግሞ የሚፈሰው አምፔር ትንሽ ስለሆነ ምንም አይታየውም፤ አይጥልም።

አስቸጋሪው ነገር የላላ ኒውትራል ባዶ ሶኬት ላይ ሲለካ ፍጹም ጤነኛ መምሰሉ ነው። መልቲሜትር የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ በአንዲት የሽቦ ክር ብቻ የተያያዘ ኒውትራልም ለእርሱ 120 ያሳያል። ስለዚህ ኃይል እየተሳበ መለካት ያስፈልጋል። ስሱ ዕቃዎችን ሁሉ ይንቀሉ፤ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ቻርጀር አንድም አይቅር፤ የማይክሮዌቩንም ብሬከር ያጥፉ። ከዚያ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለ ሶኬት ላይ ተራ ማሞቂያ ሰክተው ያብሩ፤ በሌላው ፌዝ ላይ ያለውን ሶኬት ደግሞ በመልቲሜትር እየለኩ ይጠብቁ።

ማሞቂያው ያለበት ወገን ሁለት ሦስት ቮልት ቢወርድ፣ ሌላው አንድ ቮልት ያህል ከፍ ቢል የተለመደ ነው። አንዱ ወደ 105 ወርዶ ሌላው ወደ 135 ከወጣ ግን ወዲያውኑ በምሰሶው ብሬከር ያጥፉት፤ ኒውትራሉ ነው። ማሞቂያ ያለበት ወገን በጣም ወርዶ ሌላው ባለበት ከቆየ የላላው ኒውትራሉ ሳይሆን ያው ፌዝ ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ደግሞ ለማቆሚያው የሚመጣው ኃይል ራሱ ደካማ ነው፤ ይህ በተለይ በሙቀት ወቅት ሁሉም ማቀዝቀዣውን ሲያበራ አመሻሹ ላይ ይታያል።

የላላው ቦታ ምሰሶው ውስጥ፣ ስፒናው ውስጥ፣ ከጄኔሬተርና ከምሰሶ መርጦ የሚያገናኘው መቀያየሪያ ውስጥ፣ ወይም በመኪናው ብሬከር ሳጥን የኒውትራል ማሰሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። በሌላ ምሰሶ ላይ ያንኑ ፈተና ይድገሙ። ችግሩ ተከትሎዎት ከመጣ ከመኪናው ወገን ነው። በጉዞ ንዝረት ብሎን ይላላል፤ መቀያየሪያው ውስጥ ያሉት ብሎኖች ደግሞ ከሁሉ ቀድመው የሚላሉ ናቸው። ሲያጠብቁ ገመዱ ከምሰሶው ተነቅሎ፣ ጄኔሬተሩና የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ጠፍተው መሆን አለበት።

የመኪናው በር ሲነዝር

እርጥብ መሬት ላይ ቆመው የበሩን እጀታ ሲይዙ በቀላሉም ቢሆን ከነዘረዎት፣ በልማድ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ልጆችን ያርቁ፣ በምሰሶው ብሬከር ያጥፉ። ይህ የሚሆነው የምድር መስመሩ ሲቋረጥና ከአንዱ ዕቃ ትንሽም ቢሆን ኃይል ወደ መኪናው አካል ሲያመልጥ ነው። ሁለቱም ጥፋቶች መገኘት አለባቸው፤ አንዱን ጠግኖ ሌላውን መተው ሞትን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው። ብዕር መሰሉን ቴስተር ወደ በሩ ብረት አቅርቦ ማየት ከመንካት ይቀድማል። እኔ አዲስ ቦታ በሰካሁ ቁጥር ይህን ሳላደርግ ማንም እንዲገባ አልፈቅድም።

አንዳንዶች መፍትሔ ብለው ብረት መሬት ውስጥ ይቀብሩና ከመኪናው ጋር በሽቦ ያያይዙታል። በስሌት እንየው፦ የአፈሩ ሬዚስታንስ 25 ኦም ቢሆን 120 ቮልት የሚያስኬደው 4.8 አምፔር ብቻ ነው። 30 አምፔር ብሬከር በዚህ ፈጽሞ አይጥልም፤ መኪናው እንደነዘረ ይቆያል። ብሬከሩን የሚያስጥለው በገመዱ ውስጥ ወደ ምንጩ የሚመለሰው የምድር ሽቦ ነው። የስፒናውን የምድር እግር ቆርጦ መጠቀምም እንዲሁ ከባድ ጥፋት ነው።

ገመዱና ስፒናው

የስፒናውን እግሮች ቀረብ ብለው ይዩ። ደህናው እግር አንድ ዓይነት ቀለም ይኖረዋል። በመጋል ላይ ያለው ከሥሩ ጀምሮ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አብጦ ይለሰልሳል። ጠቁሮ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት አይበቃም፤ የስፒናውን ጫፍ መቀየር ነው። ማቀዝቀዣው አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የስፒናውን የፕላስቲክ ጀርባ ይዳስሱ፤ ለብ ቢል ግድ የለም፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ያጥፉት። ቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ወደ ውስጥ ሲገቡ

ውጭው ከተጣራ በኋላ የውስጡ ቀላል ነው። የጣለ ብሬከር ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ስለሚቆም የበራ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው አጥፍተው መልሰው ያብሩት። የተወሰኑ ሶኬቶች ብቻ ከሞቱ፣ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ራሱን የሚያጠፋውን ባለ ሁለት ቁልፍ ሶኬት ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የወጥ ቤቱንና የውጭውን ሶኬት አብሮ ያጠፋል።

ብሬከሩ ዕቃ ሲበዛ ብቻ የሚጥል ከሆነ ብልሽት አይፈልጉ፣ ይደምሩ። በ30 አምፔር የሚያገኙት 3,600 ዋት ነው። ማቀዝቀዣው 13 አምፔር ያህል፣ የቦይለሩ ማሞቂያ 12፣ ማይክሮዌቩ ከ10 በላይ ይወስዳሉ፤ ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ከ30 ወደ 50 የሚቀይረው ማገናኛም አቅም አይጨምርም።

መኪናውን እንዲህ ራሱን ከሚያጠፋ የቤት ሶኬት ጋር ሲያገናኙት ሶኬቱ ወዲያው የሚጥል ከሆነ የውስጥ ብሬከሮችን ሁሉ አጥፍተው አንድ በአንድ ያብሩ። በተወሰነ ብሬከር ላይ ከጣለ ዕቃው ተገኘ፤ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ውኃ ሳይኖረው ተለኩሶ የተሰነጠቀው የቦይለር ማሞቂያ ነው። ሁሉም ጠፍተው እያሉም ከጣለ፣ ብሬከር የሚቆርጠው ፌዝን ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ኒውትራልና ምድር መኪናው ውስጥ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል።

በመጨረሻ ባትሪው። ሁሉም ነገር እየሠራ የጣሪያ መብራቶች በማግስቱ ከደበዘዙ፣ ከምሰሶው ጋር ሳይገናኝ ባትሪውን ይለኩ። ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ገመዱን ሰክተው ሲደግሙት ከ13 በላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ ኮንቨርተሩ እየሞላ አይደለም፤ ብሬከሩን፣ የባትሪ ማላቀቂያ ማብሪያውን፣ ከዚያም ባትሪ በተገላቢጦሽ ሲታሰር የሚቃጠሉትን ፊውዞች ይመልከቱ። ፊውዞቹ ደህና ሆነው ኮንቨርተሩ ኃይል እየገባው ምንም የማያወጣ ከሆነ የሚቀየረው እርሱ ነው።